ምሽትዎ የማን ነው?

ውድ ጠያቂ፣

ቀኑን ሙሉ መረጃ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ውለው፣ ማታ ከጭቃ የሠሯቸውን አሻንጉሊቶች ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ፎቶግራፍ እያነሡ አጭር የአኒሜሽን ፊልም እንደሚያዘጋጁ፣ አባትዎ ግን «ወይ ሁለተኛ ዲግሪህን ተማርበት፣ ወይ ገንዘብ አምጣበት» እያሉ እንደሚቆጡ ገልጸውልኛል።

በዚህ ጉዳይ ከአባትዎ ጋር አልስማማም። ስለ ልጃቸው ኑሮ መጨነቃቸው የወላጅ ወግ ነው፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ድጋፍዎን የሚፈልግ ከሆነ ከደመወዝዎ የሚሰጡት መጠን ተቆርጦ ይታወቅ እንጂ፣ ገንዘብ ያላስገኘ ሰዓት ሁሉ እንደ ዕዳ ሊቆጠርብዎ አይገባም። ለእያንዳንዱ የፊልም ሰከንድ 12 ፎቶግራፍ ቢያነሡ የአንድ ደቂቃ ፊልም 720 ፎቶግራፍ ይፈልጋል፤ በመካከሉ መብራቱ ጥቂት ቢቀየር ወይም የአሻንጉሊቱ ክንድ ቢላቀቅ፣ ስሕተቱን ፈልገው የሚያገኙትም ቀጣዩን እርምጃ የሚወስኑትም እርስዎ ብቻ ነዎት። የቀን ሥራዎ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚጠይቅዎ አይመስለኝም፤ «ጭንቅላቴ እየዛገ ነው» ያሰኘዎትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እኔም 9 ዓመት የሒሳብ መዝገብ ስጽፍ ኖሬ፣ ማታ ማታ ለልጆች የእንጨት መገጣጠሚያ መጫወቻ እሠራ ነበር። የሰው ምክር ሰምቼ ለሽያጭ ማቅረብ ስጀምር፣ ደንበኞች የወደዱትን አንዱን ዓይነት ብቻ ስደጋግም ምሽቴም እንደ ቀኔ ሆነብኝና በአምስተኛው ወር ሽያጩን ተውኩት፤ መጫወቻውን ግን አልተውኩም።

ሥራ ልልቀቅ ወይ ላሉት፣ አይልቀቁ። ዊልያም ኸርሼል ሙዚቃ እያስተማረና ኦርጋን እየተጫወተ የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው የቴሌስኮፕ መስተዋት በገዛ እጁ እያለሰለሰ ይሠራ ነበር፤ ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ1781 ባገኘ ጊዜም ሙዚቀኛነቱን ገና አልተወም፤ ሙሉ ጊዜውን ለሥነ ፈለክ የሰጠው በተከታዩ ዓመት ከእንግሊዝ ንጉሥ ደመወዝ ከተቆረጠለት በኋላ ነው። (ይህ ከራሴ ታሪክ ጋር ስለሚስማማልኝ ሳላደላበት አልቀረሁም።)

ሁለተኛ ዲግሪውን፣ ሊያጠኑት የሚፈልጉት ትምህርት ሲኖር ይማሩታል። ወደፊት ለሌላ ሥራ ቢያመለክቱ ደግሞ፣ በማመልከቻዎ ላይ «አኒሜሽን እወዳለሁ» ብለው ከመጻፍ ይልቅ፣ ያለቀ የአንድ ደቂቃ ፊልም አያይዘው ስንት ፎቶግራፍና ስንት ሳምንት እንደ ወሰደ በአንድ መስመር ይግለጹ።