«እንጃ» ያልኩበት ቀን

ትናንት አንዲት ልጅ ከቢቸና ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ልቦለዷን አሳትማለች። «ጋሼ፣ የራሴን መጽሐፍ ግዙልኝ ብዬ ፌስቡክ ላይ ብለጥፍ ነውር አይሆንብኝም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «ነገ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህን የምጽፈው ለእሷና መጽሐፋቸውን አልጋ ሥር ከትተው ለተቀመጡ ልጆች ሁሉ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬአለሁ። በ1997 ዓ.ም. የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አሳተምኩ። ገንዘቡ የዕቁብ ነበር። ባለቤቴ ለቤቱ ቆርቆሮ አስባዋለች፤ እኔ ለመጽሐፍ አዋልኩት። አንድ ሺህ ቅጂ አዲስ አበባ አሳትሜ አውቶቡስ ላይ ጭኜ አመጣሁ። ጥቂቱን ለመጻሕፍት ሻጮች ሰጠሁ። ጥቂቱን ለወዳጅ አደልኩ። ቀሪው ጓዳ ገባ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ጥሩ መጽሐፍ አንባቢውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል ብዬ አምን ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ጣራው አፈሰሰ። ግማሹ ካርቶን ራሰ። ባለቤቴ የራሰውን ለይታ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ለመጠቅለያ በኪሎ ሸጠችው። አንድም ቃል አልተናገርኳትም። ምን ብዬ?

በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ጋቢ የደረበ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ቆመ። አንዲት ልጅ በመስኮት ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ አቀበለችው። ጉዞ ስንቀጥል እየቆረጠመ አባይ በረሃን መውረድ ጀመርን። ቆሎው አለቀ። ወረቀቱን ሊጥለው ነው ስል ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። በመዳፉ ዳመጠው። ከዚያ ማንበብ ጀመረ።

ወረቀቱን ገና ስመለከተው አወቅሁት። የእኔው መጽሐፍ ገጽ ነው። ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ወፍጮ ቤት የምትውለው ሴት ታሪክ። ያቺ ሴት አክስቴ ናት። ዱቄቱ ከቅንድቧ ላይ ሳይራገፍ ማታ ማታ ተረት ትነግረን ነበር። ተረቱን የምታቆመው ሁልጊዜ እንቅልፋችን ሲመጣ ሳይሆን ዓይናችን ሲፈጥ ነው። «የቀረውን ነገ» ትለናለች። መጽሐፉን ሳታይ ሞተች።

ሰውየው አንዱን ገጽ ጨረሰ። ገልብጦ ሌላውን አነበበ። ገጹ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ያልቃል። ወደ እኔ ዞረና «ይቺ ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ሆኖ ይሆን?» አለኝ። ቀጠለና «ይሄን መጽሐፍ ያውቁታል? የት ይገኛል?» አለ።

«እንጃ» አልኩት።

ቤቴ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ደረቅ ቅጂ ተቀምጧል። ድልድዩን ተሻግረን ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ ድረስ ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቴም ዘጋሁት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ልመና መሰለኝ። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፍቼ ላይ ወረደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ልጄ፣ ነውር ያልሽውን ነገር እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ያደግሁት ጎጃም መሆኑ ነው። በልጅነቴ ዋሸራ ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ሆዱ ውስጥ አይደብቅም። መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ቅኔው ከተወደደ በተማሪ አፍ ከዋሸራ ዲማ፣ ከዲማ ጎንጅ ይደርሳል። ያንን ማንም ልመና አላለውም። እኔም ገና ጢሜ ሳያቀመቅም ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ አሰምቻለሁ፤ አላፈርኩም። ከዚያ ባደግሁ፣ በተማርኩ ጊዜ አፈርኩ።

የእኛው አገር ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ስንቱ ሰው ነው ግን ያንን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቀው በራድዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ! እኔ ራሴ በጆሮዬ ነው የጀመርኩት። የእኛ ሰው የሚሰማ ሰው ነው።

ይህ የገባኝ በ2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ቻናል ከፈተችልኝ። የወፍጮ ቤቷን ሴት ታሪክ በድምፄ አነበብኩት። ስድስት ደቂቃ ነው። ያ ሰውዬ ገጽ ያለቀበት ቦታ ላይ አቆምኩት። ከሥሩ ዋጋውን፣ ስልኬን፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደምልክ ጻፍኩ። ሰዎች ለሰዎች አስተላለፉት። እስከ ገና የቀረኝ ሦስት መቶ ቅጂ አለቀ። ያወጣሁት የሞባይል ካርድ ብቻ ነው። እናንተ ዛሬ ቴሌብርም አላችሁ። ውጭ አገር ያለ አንባቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ባለ ወንድሙ ወይም እህቱ በኩል ነው የሚከፍለው። «የሚቀበልልህ ሰው አለ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁት።

አንድ ትንሽ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያስብባትም። የመጽሐፋችሁ ርዕስ ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ፣ ሠ ካለ በሁሉም ዓይነት ጻፉት። ለእኛ «ሠርግ» እና «ሰርግ» አንድ ናቸው። ስልክ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ፈልጎ ያጣችሁ አንባቢ ተመልሶ አይመጣም። ስለ ትክክለኛው ፊደል ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ስቆጣ ኖሬአለሁ። ቻናሉ ላይ ግን ሁለቱንም ጻፉ።

ስለ ፎቶና ስለ ሽፋን አልነግራችሁም፤ ከእኔ ትበልጣላችሁ። የማዝንባችሁ በሌላ ነው። ትቸኩላላችሁ። ዛሬ ለጥፋችሁ ማታውኑ ላይክ ትቆጥራላችሁ። የሌላውን ጽሑፍ አንድ መስመር ሳታነቡ የራሳችሁን ሊንክ በየግሩፑ ትበትናላችሁ። ለሦስት ሰው መጽሐፍ ከልባችሁ አስተያየት ጻፉ። ያኔ የእናንተንም የሚያነብ ታገኛላችሁ። ማስታወቂያውን ለማስፋት ለፌስቡክ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን መቶ አንባቢዎች በእጃችሁ እስክታገኙ።

ሙሉውን መጽሐፍ በፒዲኤፍ አትልቀቁ። አንዴ ከወጣ አይመለስም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ሙሉ ፋይሉን ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ልኬአለሁ። በስልኩ እያስነበበ ይሰማል። ፋይሉ ወጥቶ ቢሆንስ? አላውቅም፤ አልቆጨኝም። በዚህ ነገር ሐሳቤ አንድ አይደለም።

ደብተር ግዙ። የገዛችሁን ሰው ሁሉ ስምና ስልክ በእጃችሁ መዝግቡ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቻናሌ ለወራት ዝም አለ። ሁለተኛው መድበሌ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ያዳነኝ ደብተሩ ነው። ለእያንዳንዱ አጭር መልእክት ላክሁ፤ «አዲስ መጽሐፍ አለኝ፣ የወፍጮ ቤቷ ሴት ጸሐፊ ነኝ» ብዬ። ብዙዎቹ መልሰው ደወሉልኝ። አንዳንዶቹ መጽሐፉን ሳይጠይቁ «ደህና ነዎት ወይ? ከተማው እንዴት ነው?» ነው ያሉኝ።

ስልኬ በጮኸ ቁጥር ያ ጋቢ የደረበ ሰው ይሆን እላለሁ። እስካሁን አልደወለም።

የቢቸናዋ ልጄ፣ ዛሬ ማታ እደውልልሻለሁ። እስከዚያ ከመጽሐፍሽ ደስ የሚልሽን አምስት ደቂቃ በድምፅሽ ቀድተሽ ላኪልኝ። ቻናሌ ላይ እለቀዋለሁ። ዋጋውንና የሚገኝበትን ከሥሩ ጻፊ። ስምሽንም ከነአባትሽ።