ልጄ የነገረኝን ለአባቱ ልንገር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጥያቄዬ ከደሴ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጄ መስከረም 21 ለግሸን ንግሥ መጥቶ፣ ቡና እየቆላሁ «እማ፣ እኔ ሴት አላገባም፤ ልቤ የሚሄደው ወደ ወንድ ነው» አለኝ። ቡናው እስኪያር ቃል አልወጣኝም። እሱም አቦሉን ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ። አባቱ አልሰማም። ልንገረው? ወይስ ሚስት ፈልገን ቶሎ እንዳረው?

መልስ፦ እናቴ፣ አብሽሩ። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የታወቀ ነው፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው፣ ስለ ግብሩም ዘሌዋውያን 18፥22 እና ሮሜ 1፥27 በግልጽ ይናገራሉ። ይህን ላለዝብልዎ አልችልም። ልጅዎ የነገረዎ ግን ስለ ልቡ ነው፤ ፈተናና ግብር አንድ አይደሉም።

ለአባቱ አይንገሩ። ምስጢሩ የልጁ ነው፤ ሲችል ራሱ ይናገር። ለጽዋ ማኅበር፣ ለጎረቤት፣ «አደራ» ብለው ለአክስቱም ቢሆን አይሞክሩት። ቡና ላይ የወደቀ ወሬ ከሆጤ ፒያሳ ለመድረስ ቶናውን አይጠብቅም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግብር በእስራት ይቀጣልና ወሬው ልጁን ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከጣቢያው በፊት ደግሞ የሰፈር ዱላ አለ። ነገሩ ከከበደዎ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ካህን የንስሐ ምስጢር አያወጣም።

ሚስት ፍለጋውን ይተዉት። የሰው ልጅ ለልጅዎ መድኃኒት ትሆን ዘንድ አትዳርም፤ ያቺ ልጅ ምን አጠፋች? ጎትቶ ጸበል መውሰድም ያው ነው። ራሱ «እንሂድ» ካለ አብረው ይሂዱ፣ ካላለ አይገፋም።

እግረ መንገዴን የራሴንም ጥፋት ልናገር። ዐውደ ምሕረት ላይ ሰዶምን ባነሣሁ ቁጥር ሕዝቅኤል 16፥49ን ዘልዬ አልፍ ነበር። እዚያ በመጀመሪያ የተቆጠረባት ትዕቢት፣ እንጀራን መጥገብና የድሀውን እጅ አለማበርታት ነው። ልጁን ከደጅ የሚያባርር ሰው ይህን ጥቅስ ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ማታ ይደውሉለት። ነገሩን አያንሡበት፣ ምን በልቶ እንደዋለ ይጠይቁት። የጠፋው ልጅ አባት ገና ከሩቅ ሳለ ነው ሮጦ የሳመው፤ ልጁ ንስሐውን ተናግሮ የጨረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለገና ና ይበሉት። ቡናውም እንደገና ይቆላ፤ እስከ በረካ ይቀመጥ።