«ድነሻል ወይ?» ስባል ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ከጎኔ ያለችው ባለሱቅ ፕሮቴስታንት ናት፤ በጣም ጥሩ ሰው ናት። በቀደም ቡና እየጠጣን «ድነሻል ወይ? ዛሬ ማታ ብትሞቺ መንግሥተ ሰማያት እንደምትገቢ እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። አፌ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄጄ ስለቴን አስገባለሁ። እጾማለሁ። ቅዱስ ቁርባን ግን ልጅ ሳለሁ እንደቀረብኩ ቀረሁ። ከእኅቴ ጋርም በእናታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ከተዘጋጋን ቆየን። እምነቴ እውነተኛ ነው ወይስ ልማድ ብቻ? እባክዎ ሳይደብቁ በቀጥታ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የጎረቤትሽ ጥያቄ መጥፎ ጥያቄ አይደለም። በተለይ ለድሬ ሰው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ፣ ስንቱ ሰው ነገ ሥራ እገባለሁ ብሎ ተኝቶ ነበር! ሞትን ማሰብ ደግ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የሚጠበቅብሽ መልስ ነው። «አዎ» ወይም «አይ» ብለሽ በአንድ ቃል እንድትዘጊው ነው የተጠየቅሽው። መዳን ደግሞ በአንድ ቃል የሚዘጋ ነገር አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቺ። ለኤፌሶን ሰዎች «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይላቸዋል (2፥8)። ለፊልጵስዩስ ሰዎች ግን «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» አላቸው (2፥12)። ስለ ራሱማ፣ ለሌሎች ሰብኮ እርሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን እንደሚጎስም ይናገራል (1ቆሮ. 9፥27)። ይህን ያለው ተስፋ ቆርጦ እንዳይመስልሽ። ሞትም ሆነ ሕይወት ከክርስቶስ ፍቅር ሊለየን እንደማይችል የመሰከረውም እርሱ ራሱ ነው (ሮሜ 8፥38)። ጳውሎስ በእግዚአብሔር እርግጠኛ ነው፤ በራሱ ግን አይመካም። ሁለቱን ይዘሽ ብትኖሪ ያንቺም ልብ ያርፋል። እግዚአብሔር አይለወጥም፣ ቃሉን አያጥፍም። አንቺና እኔ ግን ልንወድቅ እንችላለንና በየዕለቱ እንለምነዋለን።

ስለዚህ ጎረቤትሽ ደግማ ብትጠይቅሽ አትደንግጪ። «በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄ ከክርስቶስ ጋር ተባብሬአለሁ። ዛሬም በቸርነቱ አለሁ። እስከ መጨረሻው እንዲያጸናኝ እለምነዋለሁ» በያት። ይህ ማምለጫ አይደለም፣ እምነታችን ነው። ካህኑ በቅዳሴ ሥጋውንና ደሙን ፊት ለፊት አድርጎ «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» ካለ በኋላ «እስከ ደኃሪት እስትንፋስ» ብሎ ይጨምራል። እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ማለት ነው። ክርክር ውስጥ ግን አትግቢ። ቡናችሁንም አትተዉ።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄሽ ልምጣ። እምነቴ ልማድ ይሆን ወይ ላልሽው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የምትሄጂበት በዓል ራሱ ይመልስልሻል። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ ለጣዖት አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ የተጣሉትን ሦስት ወጣቶች፣ ከእቶኑ ያወጣበትን ቀን ነው። ሕዝቡ ጧፉን፣ ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን ተሸክሞ ያን ዳገት ሲወጣ አይተሻል። ብዙው «ለመንኩት፣ ሰጠኝ» የሚል ነው። ደስ ይላል፤ ስለትን የሚነቅፍ ቃል ከእኔ አትሰሚም። እነዚያ ሦስት ወጣቶች ግን እሳቱ ፊት ቆመው ለንጉሡ ያሉትን አስታውሺ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለውም ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት (ዳን. 3፥17-18)። መልአኩ እንደሚመጣ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እንወጣለን ወይስ እንቃጠላለን የሚለውን ሳያውቁ ነው የገቡት። የሚያውቁት ማንን እንደሚያመልኩ ነው።

እስቲ ራስሽን ጠይቂ። የተሳልሽው ነገር ባይሰጥሽ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ቁልቢ ትሄጂ ነበር? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። «አላውቅም» ብትዪም አትሸበሪ። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው (ማር. 9፥24)። ጌታም እምነትህ ጎደሎ ነው ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት። እምነቴ እውነተኛ ነው ወይ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡ አልሞተም። እኔ የምፈራው ጨርሶ ለማይጨነቀው ነው።

ነገር ግን በቀጥታ ንገሩኝ ብለሻልና ሁለት ነገር አልደብቅሽም።

አንደኛው ቁርባን ነው። እርግጠኛ መሆን ትፈልጊያለሽ፤ ጌታ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማረጋገጫ የት ሰጠ? «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው፥ እኔም በመጨረሻው ቀን አስነሣዋለሁ» ብሏል (ዮሐ. 6፥54)። ይህን እያነበብን ቁርባንን ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች ብቻ ትተነዋል። ወጣቱ «ገና ነኝ» ይላል፣ ጎልማሳው «አልበቃሁም» ይላል። ማን በቅቶ ያውቃል? እንደ እኔ እምነት፣ የብዙ ምእመናን ፍርሃት ምንጩ ይህ ነው። ማዕዱ ተዘርግቶ እኛ በር ላይ ቆመን ቤተኛ ነን ወይስ እንግዳ እያልን እንጨነቃለን።

ሁለተኛው እኅትሽ ናት። በዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ቅዱስ ዮሐንስ መልእክቱን የጻፈው የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ ነው ይላል (1ዮሐ. 5፥13)። አንቺ የፈለግሽው ይህንን ማወቅ ነው አይደል? ታዲያ በምን ይታወቃል ሲባል፣ «እኛ ወንድሞችን የምንወድድ ስለ ሆንን ከሞት ወደ ሕይወት እንደ ተሻገርን እናውቃለን» ነው ያለው (3፥14)። ስለ ሕልምና ስለ ስሜት አላወራም፤ ወደ ወንድምና እኅት ነው የጠቆመው። በቤቱ ጉዳይ ማን ትክክል እንደሆነ እኔ አላውቅም። ምናልባት ተበድለሽ ይሆናል። የውርሱን ነገር ሽማግሌ ወይም ፍርድ ቤት ይየው፤ መብትሽን ጣይ አላልኩም። ሰላምታ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። በሰርግና በለቅሶ ቤት ፊት አዙሮ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። እሱን የሚፈታልሽ ዳኛ የለም። ስልክ አንሺና ደውዪላት። «ደህና ነሽ?» ማለት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ብትዘጋብሽ ነገ ደግሞ ትሞክሪያለሽ።

ሌሊት ጭንቀቱ ሲመጣ ደግሞ ያው ዮሐንስ ከጥቂት ቁጥር በኋላ ያለውን ያዢ፤ ልባችን ቢፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው (3፥20)። ተነሺና አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ ከዚያ ተኚ።

የንስሐ አባት ካለሽ በዚህ ሳምንት ሂጂባቸው። ከሌለሽ በአጥቢያሽ ካህን ያዢ። ይህን ያህል ዓመት ጠፍቼ ምን ይሉኛል ብለሽ አትፈሪ፤ ካህናት እንዲህ ያለውን በየቀኑ ይሰማሉ። የእኅትሽንም ነገር ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ቀኖና፣ ማለትም የንስሐሽን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት ይሰጡሻል፣ እሱን ስትጨርሺ መቼ እንደምትቀርቢ እሳቸው ይወስናሉ። ከመቍረብሽ በፊት 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል አለ፤ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ አስቀድመሽ አሳውቂያቸው። ባለትዳር ከሆንሽ ከባለቤትሽ ጋር መሄድ ይኖርብሻልና ዛሬ ማታ ነገሩን አንሺበት።