15,000 ብሩን ተቀብለህ አትፈርም

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ በወር 6,000 ብር እሠራ ነበር። ከሁለት ወር በፊት የእንጨት መቁረጫ ማሽን የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ቆረጠብኝ። የጽሑፍ ውል የለኝም፤ ጡረታም አይቆረጥልኝም። አሠሪዬ አሳክሞኝ የአንድ ወር ደመወዝ ሰጠኝ። አሁን ግን “ግድየለሽ ስለሆንክ ነው፤ 15,000 ብር ውሰድና ፈርም” እያለኝ ነው። ልቀበል? ከእንግዲህስ ማን ይቀጥረኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምሕረቱን ያምጣልህ። ወረቀቱን አትፈርም።

“ግድየለሽ ነበርክ” የሚለው ክስ ብዙ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ እንዲሄድ አድርጓል። በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ እንዲህ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ ከሆነ። ደክሞህ እጅህ ቢንሸራተት ከዚህ አይቆጠርም። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም መብትህን አያሳጣህም። ደመወዝህ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባ ከነበረ እሱን አውጣ። አብረውህ የነበሩትም ይመስክሩልህ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መሥራት እስካልቻልክ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ሊከፍልህ ይገባል። የሕክምናው ወጪም የእሱ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ወር ደመወዝህ አሁንም እሱ ዘንድ ነው።

ካሳው ከዚህ ሌላ ነው። ጡረታ ቢቆረጥልህ ኖሮ ጉዳዩ በጡረታ ሕጉ ይታይ ነበር። ላንተ ግን በአዋጁ ይሰላል። ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ ይከፈላል፤ ያንተ 360,000 ብር ይመጣል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ነው። የሕክምና ቦርድ 20 በመቶ ቢል 72,000 ብር ማለት ነው። መቶኛውን የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ እኔም አሠሪህም መገመት አንችልም። ለዚህ ነው ከቦርዱ ውሳኔ በፊት የሚቀርብ ድርድር ሁሉ የሚያሠጋኝ።

የሕክምና ካርድህን ዛሬውኑ እይ። ድንገተኛ ክፍል ስትገባ “ቤት ውስጥ ነው የተጎዳሁት በል” ተብለህ ይሆናል። ብዙዎች ይባላሉ። እንደዚያ ከተጻፈ ሐኪሙን አነጋግረህ ትክክለኛው ታሪክ እንዲሰፍር ጠይቅ። ከዚያ ለክፍለ ከተማህ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አመልክት። ካልተስማማችሁ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ እዚያ የዳኝነት አይከፍልም። አሠሪህ ወደ ቦርዱ ደብዳቤ አልጽፍም ካለም ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልህ ጠይቅ። ብቻ ካሳውን ለመጠየቅ ከአንድ ዓመት አትለፍ፣ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) አለ። “እከፍልሃለሁ፣ ታገስ” የሚል የቃል ተስፋ ይርጋውን አያቆመውም።

ስለ ሥራው፦ ሙያህን አትጣል። ልኬት መውሰድ፣ ዲዛይን በኮምፒውተር መሥራት፣ ዋጋ ማውጣት፣ ደንበኛ ማስተናገድ፣ ገጠማ መቆጣጠር ሁሉ እንጨቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) ከሌለህ እጅህ ሲጠግግ ተመዘን፤ በልምድ ብቻ የሠራህ ሰው ለአዲስ ቀጣሪ የምታሳየው ወረቀት ያስፈልግሃል። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ጣቶችህ ከተጠየቅክ በአጭሩ ንገራቸውና ወዲያው የሠራሃቸውን ቁም ሣጥኖች ፎቶ አሳይ። ፎቶዎቹን ከወዲሁ ከጓደኞችህ ሰብስብ።