የጥንቶቹ ሞርሞኖች ሚሲዮናውያንና ብዙ ሚስት የማግባት ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ የሞርሞን እምነት መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ባሎችን ለስብከት ባሕር ማዶ እየላከ ሚስቶቻቸውን ያገባ ነበር የሚል ቪዲዮ አይቼ ቡና ላይ ባነሳው ቤቱ በሁለት ተከፈለ። እውነት ነው?

መልስ፦ ባል ያላቸውን ሴቶች ማግባቱ እውነት ነው። «ባልየውን ልኮ» የሚለው ግን ሲመረመር አብዛኛው አይቆምም። ራስዎ ማጣራት ይችላሉ። ስሟ ለተነሳው ለእያንዳንዷ ሴት አራት ቀኖችን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ባልየው የሄደበትን፣ የተመለሰበትን፣ ጋብቻው የተፈጸመበትንና ይህን የሚናገረው ማስረጃ የተጻፈበትን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አራተኛውን ሲዘለው ነው። ጋብቻዎቹ በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት በናቩ ከተማ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በምስጢር ተፈጸሙ፤ ከምስክርነቶቹ ብዙዎቹ የተሰጡት ግን ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለክሱ በጣም የሚቀርበው የኦርሰን ሃይድ ጉዳይ ነው። ሃይድ በሚያዝያ 1840 ወደ ኢየሩሳሌም ተልኮ በታኅሣሥ 1842 ተመለሰ። ሚስቱ ማሪንዳ ከጆሴፍ ጋር የተጋባችበት ቀን ግን በሁለት ሰነዶች ይለያያል። በጆሴፍ ማስታወሻ ደብተር መጨረሻ ላይ የሰፈረው ዝርዝር ሚያዝያ 1842 ይላል፤ እሷ ራሷ በ1869 የፈረመችው የመሐላ ቃል ደግሞ ግንቦት 1843። የመጀመሪያው ከተያዘ ባልየው ሩቅ አገር ነበር፤ ሁለተኛው ከተያዘ ቤቱ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያውም እንኳ ሃይድ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታልና፣ የተላከው ለዚህ ሲባል ነው ማለት አያስኬድም።

የሣራ ፕራት ነገር ከዚህ ይለያል፤ የጥያቄ እንጂ የጋብቻ ክስ አይደለም። ባሏ ኦርሰን ፕራት ከ1839 እስከ 1841 ለእንግሊዝ ስብከት ሄዶ ሳለ ጆሴፍ ሚስት ሁኚኝ ብሎ እንደጠየቃት ተናግራለች። ወሬውን በ1842 በጋዜጣ ያወጣው ከጆሴፍ ጋር የተጣላው የቀድሞው የናቩ ከንቲባ ጆን ቤኔት ነው። የጆሴፍ ወገኖች በበኩላቸው ሣራ ከቤኔት ጋር አመንዝራለች የሚሉ የመሐላ ቃሎች አሳተሙ። ሁለቱም ወገን ጠበኛ ስለሆነ በአንዱ ቃል ብቻ መፍረድ አይገባም። ይሁን እንጂ ባልየው ራሱ ሚስቱን አምኖ ከጆሴፍ ጋር መጋጨቱና ነሐሴ 1842 ከቤተ ክርስቲያኑ መባረሩ ለሣራ ቃል ክብደት ይሰጠዋል ብለን እናምናለን። ባልየው በጥር 1843 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሷል።

ከጆሴፍ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን የመራው ብሪገም ያንግ ሄንሪ ጄከብስን እንግሊዝ ልኮ ሚስቱን ዛይናን ወሰደ የሚለውም ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ዛይና ከብሪገም ጋር የተጋባችው በየካቲት 1846 ሄንሪ በአካል ቆሞ ባለበት ነው፤ ወደ እንግሊዝ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። ያሳዝናል፣ ያስቆጣልም፤ ቪዲዮዎቹ የሚሉት ግን ይህን አይደለም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አውሮፓ የነበሩት ሰባኪዎች ይህን ጉዳይ ከምእመናን ደብቀዋል ይባላል። የጠላት ወሬ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ሚስጥሩ የተጠበቀው በ1835 በታተመው የእምነቱ መጽሐፍ ውስጥ በነበረ፣ አንድ ወንድ አንዲት ሚስት ብቻ ይኑረው በሚል አንቀጽ ነው። ጥያቄ ሲነሳ ሰባኪዎቹ እሱን ያነቡ ነበር። ጆን ቴይለር በ1850 ፈረንሳይ፣ ቡሎኝ ከተማ በሕዝብ ፊት ሲከራከር ይህንኑ አንብቦ ክሱን ካደ፤ ያኔ እሱ ራሱ ባለ ብዙ ሚስት ነበር። ተከላካዮቹ፣ የካደው ቤኔት ያስወራውን ልቅ ግንኙነት ብቻ ነው ይላሉ። አድማጩ ግን የሰማው «አንዲት ሚስት ብቻ» የሚለውን ነው፤ ስለዚህ ሰዎቹ ተታለዋል።

ከዚያም በፊት በየካቲት 1844 ሃይረም ብራውን የተባለ ሰባኪ ሚሺጋን ውስጥ ብዙ ሚስት ማግባትን በማስተማሩ መባረሩ በናቩ ጋዜጣ ታውጇል። ማስታወቂያውን የፈረሙት ጆሴፍና ወንድሙ ሃይረም ስሚዝ ናቸው፤ ብዙ ሚስትን የሚፈቅደው ራእይ ግን ሐምሌ 12 ቀን 1843 ተጽፎ ነበር።

ትምህርቱ በይፋ የተነገረው ነሐሴ 29 ቀን 1852 በአሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ በሶልት ሌክ ከተማ ነው፤ ተናጋሪውም ያው ኦርሰን ፕራት። በ1851 ከ30 ሺህ በላይ የነበሩት የብሪታንያ ምእመናን ከዚያ በኋላ እያነሱ ሄዱ። ሁሉም በዚህ ምክንያት አልወጡም፤ ብዙዎች ወደ ዩታ ተሰደዋል፤ ሁለቱን ሳይለዩ መቁጠር ያሳስታል። የአንዲት ሚስቱ አንቀጽ ከመጽሐፉ የወጣው በ1876 ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ በኛ በሙስሊሞች ዘንድ እስከ አራት ይፈቀዳል። ታዲያ የእነሱ በምን ይለያል?

መልስ፦ በሦስት ነገር። ኒካህ በምስክር ፊት ይታሰራል፤ የናቩው በምስጢር ነበር። በሸሪዓ ባል ያላትን ሴት ማግባት ክልክል ነው፤ ጆሴፍ ካገባቸው መካከል ግን ከ10 የማያንሱት ባል ነበራቸው። ተከታዮቹ ሥርዓቱን «መታተም» (ለዘላለም መተሳሰር) ይሉታል፤ ከነዚህ አንዳንዱ ለወዲያኛው ዓለም ብቻ ነበር ወይስ የአልጋ ጋብቻም ጭምር በሚለው ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አልተስማሙም። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ አልተገደበም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በ2014 ባወጣው ጽሑፍ የጆሴፍን ሚስቶች ከ30 እስከ 40 የሚያደርስ ግምት ጠቅሷል።

የመጀመሪያ ሚስት ፈቃድን በተመለከተ የኤምሊና የኢላይዛ ፓርትሪጅ ነገር ብቻውን ይበቃል። ሁለቱ እህትማማቾች በመጋቢት 1843 የመጀመሪያ ሚስቱ ኤማ ሳታውቅ ከጆሴፍ ጋር ተጋቡ። በግንቦት ኤማ ስትፈቅድ፣ ቀድሞ መፈጸሙ እንዳይታወቅባቸው ሥርዓቱ ፊቷ እንደ አዲስ ተደገመ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ዛሬስ የሚመጡት ሚሲዮናውያን ይህን ያስተምራሉ?

መልስ፦ አያስተምሩም። ቤተ ክርስቲያኑ በ1890 ማቆሙን አወጀ፤ በድብቅ ስለቀጠለ በ1904 እንደገና ከልክሎ አጥፊን ማባረር ጀመረ። እስካሁን የሚያገቡት ተገንጥለው የወጡ አነስተኛ ቡድኖች ናቸው።