የባሕር ጃርት ለምን በዛ?

ጥያቄ፦ በካሊፎርኒያ ዳርቻ የባሕር ጃርት (እሾሃማ ክብ የባሕር እንስሳ) የበዛው አዳኞቹ ዓሦች ተጠምደው ስላለቁ ነው ወይስ ውቅያኖሱ ስለሞቀ?

መልስ፦ መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል። በደቡብ፣ የጃርቱን ቅርፊት በጥርሱ የሚሰብረው ሺፕሄድ የተባለ ዓሣ በብዛት ሲጠመድ ጃርቱ ሊበዛ ይችላል። በሰሜን ግን ውኃው ቀዝቃዛ በመሆኑ ሞቃት ውኃ ወዳዱ ሺፕሄድ እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በዓሣ አጥማጆች ላይ ብቻ መጫን አግባብ አይመስለኝም። እዚያ ጃርቱን ይበላ የነበረው ትልቁ የባሕር ኮከብ (ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ) ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበሽታ አለቀ። ከ2014 እስከ 2016 የዘለቀው ያልተለመደ የባሕር ሙቀት ደግሞ ውኃውን ንጥረ ምግብ አሳጥቶ ኬልፕ የተባለውን ረጅም አልጌ ስላዳከመው፣ በዓለት ስንጥቅ ተቀምጦ የወደቀ ቅጠል ይጠብቅ የነበረው ጃርት ወጥቶ የቀረውን ጋጠው። ጃርቱ ያለ በቂ ምግብ ለዓመታት መቆየት ስለሚችል፣ ውኃው ቢቀዘቅዝም ኬልፑ በቀላሉ አላገገመም።