መልስ፦ የግሉኤን2ቢ ባንድ ለምን አይወጣም?

ከባሕር ዳር ሆነህ፣ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በመጠናቸው ለይቶ፣ ወደ ሜምብሬን ወይም ስስ ወረቀት መሰል ነገር አሻግሮ፣ ዒላማውን በሚይዝ አንቲቦዲ የማየት ዘዴ) የግሉኤን2ቢ ባንድ፣ ማለትም የፕሮቲኑ መስመር፣ ለምን አይታይም ብለህ ጠይቀሃል። የአይጥ አንጎል ናሙናህ ጄሉ አናት ላይ ተከምሮ የሚቀረው ስለምታፈላው ይመስለኛል። ግሉኤን2ቢ (GluN2B) የነርቭ ሴል ሽፋን ላይ የተሰካ ፕሮቲን ነው፤ 95 ዲግሪ ሲደርስ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጄሉ ውስጥ ላይገባ ይችላል። አንቲቦዲውን ለመቀየር አትቸኩል።

ናሙናውን ከሎዲንግ ባፈሩ (ጄሉ ላይ ከመጫኑ በፊት ከሚቀላቀለው ፈሳሽ) ጋር 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆየው፣ አታፍላው። የጄሉ አክሪላማይድ ከ7.5 በመቶ አይብለጥ። ፕሮቲኑ 180 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ስለሆነ ወደ ሜምብሬኑ መሻገሩ ራሱ ያስቸግራል፤ በትራንስፈር ባፈሩ (ለማሻገሪያው ፈሳሽ) ሜታኖሉን ወደ 10 በመቶ አውርደህ 0.05 በመቶ ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ጨምርበት። ማሻገሩን በ30 ቮልት ማሳደርም ይቻላል፤ እዚህ ጎጃም ግን መብራቱ ሌሊት ሄድ መለስ ካለ ሥራው ሁሉ ይባክናል። ቀን በ100 ቮልት፣ በረዶ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይሻልሃል። ከዚያ ሜምብሬኑን በፖንሶ (ፕሮቲን በሚያቀላ ቀለም) ነክረህ ትልልቆቹ ፕሮቲኖች መሻገራቸውን እይ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ባንድ ስለወጣ ብቻ አትመነው። ከጎኑ ጉበትና የአዋቂ አይጥ ሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ጫን፤ ግሉኤን2ቢ ጉበት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፣ በአዋቂ ሴሬቤለምም እጅግ ጥቂት ነው። እዚያም ያው ወፍራም ባንድ ከታየ አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ነው፤ ያኔ ቀይረው።